በሶፍትዌር መመሪያ ውስጥ ስክሪንሾት፦ መቼ ይረዳል፣ መቼ ያደናግራል

የሶፍትዌር መመሪያ የሚከፍት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለማንበብ ብሎ አይመጣም። ሥራው መሃል ላይ ቀጥ ብሎበት ነው። ሪፖርት ማውጣት ፈልጎ የሚጫነው ነገር ጠፍቶታል፤ ወይም አይቶት የማያውቀው መስኮት ድንገት ተከፍቶ ምን እንደሚመርጥ ግራ ገብቶታል። አንድ እጁ ማውዙ ላይ ነው። ዓይኑ ከፕሮግራሙ ወደ መመሪያው፣ ከመመሪያው ወደ ፕሮግራሙ ይመላለሳል። ታግሦ የሚያነበው ሁለት ሦስት መስመር ቢሆን ነው።

ለዚህ ሰው ስክሪንሾት ትልቅ እርዳታ ሊሆን ይችላል። ጣጣም ሊሆንበት ይችላል። ልዩነቱ ያለው ምስሉ እዚያ ቦታ ላይ ለምን እንደገባ ነው። ብዙ መመሪያ ጸሐፊዎች ስክሪንሾት የሚጨምሩት ገጹ ባዶ እንዳይመስል፣ ወይም «ምስል ካለ ይገባቸዋል» ብለው ነው። ሃያ ደረጃ ላለው ሥራ ሃያ ምስል ይደረድራሉ። አንባቢው ደግሞ የሚፈልጋትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማግኘት ገጹን ወደ ታች ሲገፋ ይቆያል።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ምን መደረግ እንዳለበት ጽሑፉ ይናገር። ስክሪንሾቱ አንባቢው ትክክለኛው ቦታ ላይ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ይርዳው። ይህን የሥራ ክፍፍል ከያዝን ስንት ምስል ይበቃል፣ ምን ያህሉ ይቆረጥ፣ ምን ይታይበት የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ቀለል ይላሉ።

ምስሉ ምን ይሠራል?

በኔዘርላንድስ የትዌንተ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጽሑፍ በመመሪያ ውስጥ ስክሪንሾት የሚሠራውን ሥራ በአራት ከፍለውታል። አንደኛው፣ አንባቢው የፕሮግራሙን አጠቃላይ አሠራር በአእምሮው እንዲስል መርዳት ነው። ሁለተኛው፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር የት እንዳለ ማሳየት። ሦስተኛው፣ «አሁን የኔ ስክሪን እንዲህ መምሰል አለበት ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት። አራተኛው፣ ዓይን ከመመሪያው ወደ ፕሮግራሙ መዞር ያለበትን ጊዜ መጠቆም።

እነዚህ አራቱ ለእያንዳንዱ ምስል መፈተኛ ይሆናሉ። አንድ ስክሪንሾት ከአራቱ አንዱንም ካልሠራ ይውጣ። የሚሠራ ከሆነም የትኛውን እንደሆነ ማወቅ አለብን፤ መጠኑን የሚወስነው እሱ ነውና። ከፕሮግራሙ ጋር ለማስተዋወቅ የገባ ምስል ሙሉውን መስኮት ማሳየት ይኖርበታል። አንዲት ትንሽ ምልክት የት እንዳለች ለማሳየት የገባው ግን ጥጉን ብቻ ቢያሳይ ይሻላል።

ሦስተኛው ማለትም ማረጋገጫው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። መመሪያ ተከትሎ የሚሠራ ሰው ሁሌም ውስጡ «ተሳስቼ ቢሆንስ?» የሚል ስጋት አለ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተሳስቶ ሳያውቅ ስምንተኛው ከደረሰ፣ ችግሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይከብደዋል። በረጅም ሥራ መሃል «እዚህ ስትደርሱ ስክሪናችሁ ይህን ይመስላል» የሚል አንድ ምስል ሲያገኝ ግን ይረጋጋል። የሱ ስክሪን የተለየ ከሆነም ገና ሳይርቅ ይመለሳል። ስለዚህ በየደረጃው ምስል ከመደርደር፣ ስህተት የሚበዛባቸውን መጋጠሚያዎች ለይቶ እዚያ ላይ ማስቀመጥ የበለጠ ይጠቅማል።

አራተኛው የሚበላሸው በአቀማመጥ ነው። ምስሉ ከሚመለከተው ጽሑፍ ርቆ ገጹ መጨረሻ ላይ ከተቀመጠ፣ ወይም «ምስል 7ን ይመልከቱ» ተብሎ ሌላ ገጽ ላይ ካለ፣ አንባቢው ጽሑፉን፣ ምስሉንና የራሱን ስክሪን በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዞ መሄድ ይኖርበታል። በትምህርት ላይ ጥናት የሚያደርጉ ሰዎች ትኩረት እንዲህ ሲከፋፈል መረዳት እንደሚዳከም ካሳዩ ቆይተዋል። ምስሉ ከዓረፍተ ነገሩ ቀጥሎ ይግባ፤ አለቀ።

አንድ ደረጃ በቅርበት ሲታይ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ መመሪያ ስለ ሪፖርት አወጣጥ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ከታች በስክሪኑ ላይ እንደሚታየው ሪፖርቱን ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩ።» ከሥሩ የሙሉ ኮምፒውተር ስክሪን ምስል አለ። የብሮውዘሩ ታቦች፣ የጸሐፊው ቡክማርኮች፣ ታች ያለው ሰዓት፣ በግራ በኩል ረጅም ሜኑ፣ መሃል ላይ ትልቅ ሰንጠረዥ ይታያሉ። የምትፈለገው ምልክት ላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ያለች ሦስት ነጥብ ናት። ምስሉ ወደ ገጹ ስፋት ሲጠብብ እሷም የማትታይ ሆናለች።

አንባቢው እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ሁለቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነት ፍለጋ ይገባል። ጽሑፉ ሥራውን ለምስሉ አሳልፎ ሰጥቷል፤ ምስሉ ደግሞ የቱን እንደሚያሳይ አልተናገረም።

አሁን እንዲህ እናስተካክለው፦ «ሪፖርቱ እንደተከፈተ ላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይጫኑ። ከሚወርደው ሜኑ ውስጥ ‹በፒዲኤፍ አውርድ› የሚለውን ይምረጡ።» ከሥሩ የሚገባው ምስል የመስኮቱን ላይኛ ቀኝ ክፍል ብቻ ያሳያል። ሜኑው ተከፍቷል፤ «በፒዲኤፍ አውርድ» የሚለው መስመር ተመርጧል። የሪፖርቱ ርዕስም ትንሽ ይታያል። ርዕሱን የተውነው ሆን ብለን ነው። ሜኑውን ብቻ ቆርጠን ብናስገባ አንባቢው ከመስኮቱ የትኛው ክፍል እንደተወሰደ አያውቅም። ሲቆረጥ ሁልጊዜ አንድ የሚታወቅ ነገር አብሮ ይቅር፦ ርዕስ፣ ጠርዝ ወይም አጠገቡ ያለ ሌላ ቁልፍ።

ጥሩ መፈተኛ አለ። ምስሉን በእጃችሁ ሸፍኑትና ደረጃውን በጽሑፉ ብቻ ለመሥራት ሞክሩ። ካልተቻለ ጽሑፉ ገና አላለቀም። ከተቻለ ምስሉን ግለጡትና ምን እንደጨመረላችሁ ጠይቁ። ምንም ካልጨመረ ይውጣ።

የትኛው ደረጃ ምስል ይገባዋል?

ስም የሌላት ምልክት ስትኖር ምስል ይገባል። ጥርስ ያላት ክብ፣ ሦስት መስመር፣ ቀስት ያለባት ሳጥን በቃል ሲገለጹ ይረዝማሉ፤ ሲታዩ ግን ወዲያው ይታወቃሉ። አንባቢው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባበት ብዙ ክፍል ያለው መስኮትም ምስል ይፈልጋል። የሥራው ውጤት ምን እንደሚመስል ማሳየት ሲያስፈልግም እንዲሁ። የማይመለስ ነገር ከመደረጉ በፊትም፣ ለምሳሌ ዳታ ከመሰረዙ በፊት፣ አንባቢው የሚያየው ማስጠንቀቂያ የትኛው እንደሆነ ቢታይ ጥሩ ነው።

«እሺ» የሚል አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ትንሽ መስኮት ምስል አያስፈልገውም። ስምና ፓስወርድ የሚጠይቅ መግቢያ ገጽም አያስፈልገውም፤ ከእንዲህ ዓይነት ገጽ ጋር ያልተዋወቀ የፕሮግራም ተጠቃሚ ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ኮድን፣ የተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ትዕዛዝንና የኤረር መልእክትን በስክሪንሾት ማቅረብ አንባቢን መበደል ነው። ከምስል ላይ ኮፒ አድርጎ ፔስት ማድረግ አይመችም። ሰውየው ረጅሙን ትዕዛዝ ፊደል በፊደል እየቆጠረ ሊጽፈው ነው፤ አንዲት ሰረዝ ከሳተ አይሠራለትም። የኤረር መልእክት ደግሞ ሰዎች እንዳለ ቀድተው ሰርች የሚያደርጉት ነገር ነው። መልእክቱ መመሪያው ውስጥ በጽሑፍ ከሌለ መመሪያው ራሱ አይገኝም። መልኩን ማሳየት ከተፈለገ ምስሉ ይግባ፤ ቃሉ ግን ከጎኑ በጽሑፍ ይቀመጥ።

መጠን፣ ጥራትና የፋይል ዓይነት

ብዙ ስክሪንሾት የሚበላሸው ከተነሳ በኋላ ሲጨመቅ ነው። ስሌቱን እንየው። ስክሪኑ 1920 ፒክስል (ምስል የሚሠራባቸው ጥቃቅን የቀለም ካሬዎች) ስፋት አለው። የመመሪያው ገጽ ደግሞ ለምስል 640 ፒክስል ብቻ ይሰጣል። ምስሉ ወደ ሲሶው ወረደ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ላይ 15 ፒክስል ቁመት የነበረው ፊደል 5 ፒክስል ይሆናል። በ5 ፒክስል የተጻፈ አማርኛ ደግሞ አይነበብም፤ «ለ» እና «ሰ»ን መለየት እንኳ ያስቸግራል።

መፍትሔው ከማንሳት በፊት ነው። የፕሮግራሙን መስኮት ራሱን አጥብቡት። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች መስኮቱ ሲጠብ ውስጡ ያለውን ያስተካክላሉ፤ ፊደሉ ግን መጠኑን አይቀንስም። 800 ፒክስል ከሆነ መስኮት የተነሳ ምስል 640 ላይ ሲገባ ብዙም አይጎዳም። በዊንዶውስ አልትና ፕሪንት ስክሪንን አብሮ መጫን የተከፈተውን መስኮት ብቻ ይወስዳል። በማክ ሺፍት፣ ኮማንድና 4ን አብሮ ተጭኖ ከዚያ ስፔስ ሲነካ አንድ መስኮት መምረጥ ይቻላል። ሙሉ ስክሪን አንስቶ በኋላ ከመቁረጥ ይህ ይቀላል፤ ጠርዙም ንጹሕ ይሆናል።

ጥቅጥቅ ያለ ፒክስል ባላቸው አዳዲስ ስክሪኖች ላይ ሌላ ነገር አለ። እነዚህ ስክሪኖች ለአንድ ነጥብ በወርድም በቁመትም ሁለት ሁለት ፒክስል ይጠቀማሉ። ስለዚህ ለዓይን 400 የሚመስለው መስኮት ሲነሳ 800 ፒክስል ሆኖ ይቀመጣል። ገጹ ላይ ስፋቱ ካልተነገረው እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ከሌላ ኮምፒውተር ከተነሱ ምስሎች ጋር ሲደባለቅም አንዱ መስኮት ግዙፍ፣ ሌላው ድንክ ይሆናል። በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ሁላችሁም በአንድ ዓይነት የስክሪን ቅንብር አንሱ።

የፋይሉ ዓይነት ላይ ብዙ አልቆይም። ጄፔግ የተሠራው ለፎቶግራፍ ነው። ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር ይጥላል። ፊት ወይም ተራራ ላይ ይህ አይታወቅም። ነጭ ላይ በጥቁር የተጻፈ ፊደል ዙሪያ ግን ግራጫ ጉድፍ ይተዋል። ፒኤንጂ ምንም አይጥልም፤ ሰፊ አንድ ዓይነት ቀለም ያለበትን ምስል ደግሞ በደንብ ያሳንሳል። የፕሮግራም መስኮት ማለት በአብዛኛው ሰፊ ነጭ፣ ቀጥ ያለ መስመርና ፊደል ስለሆነ ፒኤንጂ ይስማማዋል።

ምልክት ስታደርጉ

ቀስት፣ ክብና ሳጥን የሚደረገው ዓይን የት ማረፍ እንዳለበት ለማሳየት ነው። አንድ ምስል ላይ አንድ ምልክት፣ ቢበዛ ሦስት ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ምናልባት ምስሉ ሁለት ደረጃ ተሸክሟል ማለት ነው፤ ይከፈል።

ቀለም ብቻውን ትርጉም አይሸከም። በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ ከ12 ወንዶች አንዱ ገደማ ቀይና አረንጓዴን በደንብ አይለይም። «ቀይ የተከበበውን ይጫኑ፣ አረንጓዴውን ይተዉ» የሚል መመሪያ ለእሱ ምንም አይነግረውም። ቁጥር ይጻፍበት፦ 1፣ 2፣ 3። ማብራሪያው ከምስሉ ሥር በጽሑፍ ይምጣ። ይህ ሌላ ጥቅምም አለው። ምስሉ ውስጥ የተጻፈ ማብራሪያ መመሪያው ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም እንደገና መሠራት ይኖርበታል። ቁጥር ግን በሁሉም ቋንቋ ያው ቁጥር ነው።

የሰው ገመና

እዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የተለጠፈ ምስል አይመለስምና።

ስክሪንሾት የምናነሳው ከምንሠራበት ኮምፒውተር ነው። ምስሉ ውስጥ የደንበኛ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የኢሜይል አድራሻ፣ የሒሳብ መጠን ሊገባ ይችላል። ብዙ ሰው መሃል ያለውን ዳታ ያያል፤ ጠርዙን ግን አያይም። የሌሎች ታቦች ርዕስ፣ የፎልደር መንገድ ውስጥ ያለ የተጠቃሚ ስም፣ በዚያው ሰከንድ ብቅ ያለ የቴክስት ማሳወቂያ፣ አድራሻ መስመሩ ላይ ያለ የመግቢያ ኮድ ሁሉም አብረው ይነሳሉ።

ብዙዎች መፍትሔ ብለው የሚይዙት ብለር ማድረግ፣ ማለትም ማደብዘዝ ነው። ለአጭር ቁጥርና ስም ብለር አይታመንም። በትላልቅ ካሬዎች የተደበዘዘ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ የመጀመሪያው ቀለም አማካይ ነው የቀረው። የፊደሉን ዓይነትና መጠን ያወቀ ሰው ሊሆኑ የሚችሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ እየጻፈ፣ እሱም እያደበዘዘ፣ የቱ እንደሚገጥም ማወዳደር ይችላል። ይህን የሚሠሩ ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። ስልክ ላይ ባለው ማርከር በጥቁር መሰረዝም ያታልላል። ማርከሩ ትንሽ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ የምስሉን ብሩህነት ከፍ በማድረግ ብቻ ከሥሩ ያለውን ማንበብ ይቻላል።

ቆርጦ ማውጣትስ? እሱም ቢሆን ፋይሉ እንዴት እንደተቀመጠ ይወስነዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በጎግል ፒክስል ስልኮች የምስል ማስተካከያ ላይ አንድ ክፍተት ይፋ ሆነ። የተቆረጠው ምስል በአሮጌው ፋይል ላይ ሲቀመጥ የአሮጌው ፋይል ጭራ ሳይጠፋ ይቀር ነበር። ከዚያ ጭራ ተቆርጦ የወጣውን ክፍል በከፊል መልሶ ማውጣት ተችሏል። ተመሳሳይ ችግር በዊንዶውስ 11 ስኒፒንግ ቱል ላይም ተገኘ። ሁለቱም ተስተካክለዋል። ከዚያ በፊት ተቆርጠው የተለጠፉት ፋይሎች ግን ራሳቸውን አላስተካከሉም። ዎርድ ውስጥም ምስል ስንቆርጥ የተቆረጠው ክፍል ፋይሉ ውስጥ ይቆያል፤ የሚጠፋው የተቆረጠውን ክፍል አጥፋ ብለን ስናዝ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ከመጀመሪያው የሚደበቅ ነገር እንዳይኖር ማድረግ ነው። ለስክሪንሾት ብቻ የሚያገለግል አካውንት ይከፈትና ውስጡ በፈጠራ ዳታ ይሞላ። ስሞቹ የማንም ያልሆኑ፣ ግን እውነተኛ የሚመስሉ ይሁኑ። «ሀሀሀ» እና «ቴስት 1» የሚሉ ስሞች ምስጢር አያወጡም፤ አንባቢው ግን በየትኛው ሣጥን ውስጥ ምን እንደሚጻፍ ከምስሉ መማር አይችልም። ለኢሜይልና ለዌብሳይት ደግሞ የተዘጋጀ ነገር አለ። «ኤግዛምፕል ዶት ኮም» የሚለው አድራሻ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለምሳሌነት ብቻ ተብሎ የተያዘ ነው፤ ማንም ለራሱ ሊያስመዘግበው አይችልም። የኔትወርክ አድራሻ ማሳየት ካስፈለገ ከ192.0.2.0 እስከ 192.0.2.255 ያሉት ለሰነድ ጽሑፍ ተብለው ተለይተዋል። እንዲሁ ከራስ አውጥቶ የተጻፈ አድራሻ ግን የሆነ ሰው ንብረት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የግድ እውነተኛ ስክሪን ማንሳት ካለባችሁ፣ የሚደበቀውን ሙሉ በሙሉ በደፈነ አንድ ቀለም ሸፍኑት። ከዚያ ምስሉን አዲስ ፋይል አድርጋችሁ አውጡት፤ ሳጥኑ ከላይ ተደርቦ ሊነሳ በሚችል መልኩ እንዳይቀር።

ምስሉን ለማያይ ሰው

መመሪያ ከሚያነቡት መካከል ዓይነ ስውራን አሉ። ገጹን የሚያነብላቸው የስክሪን አንባቢ ፕሮግራም ነው። ምስል ላይ ሲደርስ የሚያነበው ከምስሉ ጋር የተያያዘውን አማራጭ ጽሑፍ ነው። እሱ ባዶ ሆኖ ከተረሳ አንዳንዱ የፋይሉን ስም ያነባል። «ስክሪንሾት 2024 03 11» የሚል ድምፅ ለማንም አይጠቅምም። ኢንተርኔት የተቋረጠበት ወይም ምስሉ ያልተጫነለት ሰውም የሚያየው ይህንኑ ጽሑፍ ነው።

አማራጭ ጽሑፍ ሲጻፍ ምስሉ ላይ ያለውን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። ምስሉ እዚያ የገባበትን ምክንያት መናገር ይበቃል። ቅድም ላነሳነው ሪፖርት እንዲህ ቢባል ጥሩ ነው፦ «የሪፖርቱ መስኮት ላይኛ ቀኝ ጥግ፤ የሦስት ነጥቡ ሜኑ ተከፍቶ ‹በፒዲኤፍ አውርድ› ተመርጧል።» «የሪፖርት ስክሪንሾት» ማለት ግን ምንም አለመናገር ነው።

ለሚንቀሳቀሱ ምስሎችም አንድ ነገር ልበል። ጊፍ በራሱ እየተደጋገመ ሲሄድ ከጎኑ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ያስቸግራል፤ ትኩረት ለሚበተንባቸው ሰዎች ደግሞ ይብስባቸዋል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በራሱ የሚጀምርና ከ5 ሰከንድ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌላ ይዘት ጋር አብሮ ሲቀርብ ማቆሚያ እንዲኖረው ያዛል። ጊፍ በተፈጥሮው ማቆሚያ የለውም። እንቅስቃሴ ማሳየት ካስፈለገ አጭር ቪዲዮ ከነማቆሚያው ይሻላል።

ምስል ያረጃል

ጽሑፍ ሲያረጅ አንድ ቃል ቀይሮ ማለፍ ይቻላል። ስክሪንሾት ሲያረጅ ግን ያንኑ አካውንት መክፈት፣ ያንኑ ዳታ ማዘጋጀት፣ መስኮቱን በዚያው ልክ ማድረግ፣ ማንሳት፣ መቁረጥ፣ ምልክት ማድረግና መተካት አለ። ፕሮግራሙ አንድ ቁልፍ ቦታ ቢቀይር ይህ ሥራ ያ ቁልፍ በታየባቸው ምስሎች ሁሉ ላይ ይደገማል። መመሪያው በሦስት ቋንቋ ከሆነ በሦስት ይባዛል፤ አማርኛ መመሪያ ውስጥ የእንግሊዝኛ ስክሪን ማሳየት አንባቢውን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ነውና። እንደ ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበብ ቋንቋ ደግሞ የመስኮቱ አቀማመጥ ራሱ ይገለበጣል፤ ቀስቶቹም አብረው መገልበጥ አለባቸው።

ያረጀ ምስል ከሌለ ምስል ይብሳል። ጽሑፉ «በላይኛው ጥግ» እያለ ምስሉ በታች ካሳየ፣ አንባቢው የሚጠራጠረው ራሱን ነው። ቀጥሎ የተሳሳተ ቨርዥን የጫነ ይመስለዋል። በመጨረሻም መመሪያውን በሙሉ ማመን ያቆማል፤ ትክክል የሆነውን ክፍል ጨምሮ።

ለዚህ ነው ምስል ሲጨመር ወጪውም አብሮ መታሰብ ያለበት። ጥቂት ነገሮች ሸክሙን ያቀሉታል። አጥብቆ መቁረጥ አንዱ ነው፤ ሙሉ መስኮት የሚያሳይ ምስል ማንኛውም ጥግ ሲለወጥ ያረጃል፣ ጥጉን ብቻ የሚያሳየው ግን ያ ጥግ ሲለወጥ ብቻ። ፋይሉን ይዘቱን በሚናገር ስም መሰየም ሌላው ነው፤ «ሪፖርት ፒዲኤፍ ሜኑ» የተባለን ፋይል ከሁለት ዓመት በኋላም ሰው ያገኘዋል። በየትኛው ቨርዥን፣ በየትኛው አካውንትና በምን ያህል የመስኮት ስፋት እንደተነሳም የሆነ ቦታ ይጻፍ።

ትንሽ ከፍ ያለ መንገድም አለ። አላስፈላጊውን የመስኮቱን ክፍል በግራጫ ቅርጾች ተክቶ የሚፈለገውን ብቻ በግልጽ መተው ይቻላል። ሜኑዎቹ ግራጫ መስመር ይሆናሉ፣ ሰንጠረዡ ባዶ ሳጥን፤ የምንፈልጋት ቁልፍ ብቻ በስሟና በቀለሟ ትቀራለች። እንዲህ ያለ ምስል ቶሎ አያረጅም፤ የግል መረጃም አይገባበትም፤ ዓይንም ወዲያው የሚፈለገው ላይ ያርፋል። ለማስተዋወቂያ ምስሎች በጣም እወደዋለሁ። ለማረጋገጫ ግን አይሆንም፤ አንባቢው የራሱን ስክሪን ከግራጫ ሳጥን ጋር ማመሳከር አይችልምና።

በዌብ ለሚሠሩ ፕሮግራሞች ደግሞ ማንሳቱን ለኮምፒውተር መስጠት ይቻላል። ፕሌይራይትና ሴሊኒየም የተባሉት መሣሪያዎች ብሮውዘር ከፍተው፣ ገብተው፣ ቁልፍ ተጭነው የአንዲትን የገጽ ክፍል ብቻ ምስል ያነሳሉ። አንዴ የተጻፈው ትዕዛዝ አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር ምስሎቹን ሁሉ እንደገና ያመጣል፤ ቋንቋ ለውጦም ያንኑ ይደግማል። አዲሱን ምስል ከአሮጌው ጋር አነጻጽሮ የተለወጠውን ለይቶ ማሳየትም ይቻላል። ብቻ ሰው ሳያየው አይለጠፍ። መሣሪያው ገጹ ገና ሳይጫን ቢደርስም ባዶውን ገጽ አንስቶ «ጨርሻለሁ» ይላል። ለአምስት ምስል ይህን ሁሉ ማዘጋጀት ልፋት ነው፤ ለሁለት መቶ ግን ዋጋውን ይመልሳል።

የቆየ መመሪያ ለተረከበ ሰው

በምስል የታጨቀ አሮጌ መመሪያ እጃችሁ ከገባ ሁሉንም አድሳለሁ ብላችሁ አትነሱ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ስልክ ወይም ኢሜይል የሚታይባቸውን ፈልጉና ዛሬውኑ ከመመሪያው አውጡ፤ ምትክ እስኪዘጋጅ አትጠብቁ። ቀጥሎ ስህተት ብዙ ወደሚያስከፍልባቸው ደረጃዎች ሂዱ፦ መሰረዝ፣ ክፍያ መላክ፣ ፈቃድ መስጠት። እዚያ ያለው ምስል አሁን ካለው ስክሪን ጋር ካልተመሳሰለ ወይ ይተካ ወይ ይውጣ። ከዚያ በአራቱ ሥራዎች መፈተሽ ይመጣል፤ ምንም የማይሠሩት ይውጡ፣ የቀሩት አማራጭ ጽሑፍ ይጻፍላቸው።

ሲያልቅ ፕሮግራሙን የማያውቅ ሰው አስቀምጡና በቀረው መመሪያ አንድ ሥራ እንዲሠራ ጠይቁት። አትርዱት፤ ዝም ብላችሁ ዓይኑን ተከታተሉ። ማውዙን ይዞ ስክሪኑ ላይ የሚቅበዘበዝበት ደረጃ ካለ ጽሑፉን አስተካክሉ። ጽሑፉ ተስተካክሎም እዚያው ቦታ የሚቆም ከሆነ አዲሱ ስክሪንሾት የሚገባው እዚያ ላይ ነው።